መሬት ያልነካ ደም

ዳልጮ «የፊት ጥርሴን አወለቀው» ብሎ ባሌን ባሳሰረ ቀን፣ ሰው ሁሉ አፉን ሲያይ እኔ ዓይኑን ነበር የማየው። ዓይኑ ይሸሻል። ዓይኑ የሚሸሽ ሰው ደግሞ አልወድም። ሙዝ ሊጭን የመጣ ነጋዴ እንኳ ዓይኑ ከሸሸ ዘለላውን ራሴ ነኝ መዝኜ የማስረክበው። ቀበሌያችን ላንቴ ውስጥ በዚህ አመሌ ይስቁብኛል፤ «በለጥሽ ጥላዋንም ማን ነህ ብላ ትጠይቃለች» ይላሉ። ይሳቁ። እስከዛሬ ግን ያታለለኝ ሰው የለም፣ ቢኖርም አልነገረኝም።

ነገሩ በመስኖ ውሃ የመጣ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ቀድሞ ቆረጠና ሁሉም ዓይኑን ቦዩ ላይ ተከለ። ውሃ በተራ ነው። የዳልጮ የሙዝ ማሳ ከእኛ ቀጥሎ ስለሆነ እኛ ስንጨርስ እሱ ይከፍታል። ያን ቀን ባሌ ይፍሩ ውሃው መሃል ላይ ቀጥ ሲልበት፣ ዳልጮ ሰርቆኛል ብሎ አካፋውን ጥሎ ሄደ። ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ ያየ ሰው የለም። ሲመለስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ምን ሆነሃል ስለው ዳልጮን ጥፊ እንዳቀመሰው ነገረኝ። ጥፊ ብቻ ነው ወይ አልኩት። «ጥፊ ብቻ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሸሚዙን አወለቀ። ሆዴ አልተቀበለውም። ግን የገዛ ባል ነው፤ የሚታጠብበት ውሃ አቀረብኩለት።

በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ሟቹ ትውልዱ ኦቾሎ ስለነበር ከላይ ከደጋው ሽማግሌዎች ወርደው ነበር፤ ከነሱም መሃል ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ነበሩ። እኚህ ሰው ሲያስታርቁ ነው የኖሩት፤ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። የይፍሩንና የዳልጮን ጠብ ሰምተው ኖሮ፣ የለቅሶው መጠጥ ቦርዴው ከመቀዳቱ በፊት ሁለቱንም ፊታቸው አቆሟቸው።

እዚህ አገር ሁለት ሰዎች ተጣልተው የአንዱ ደም መሬት ላይ ከፈሰሰ ጎሜ ነው። ጎሜ ማለት ነውር ብቻ አይደለም፤ መሬት የማይሸከመው ነገር ነው፣ ሰብሉም ከብቱም ይጎዳል ይባላል። ሽማግሌ በግ አርዶ እስኪያነጻቸው ሁለቱ ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። ደፍሮ የሚያደርገው የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚውም፣ ጸሎት ቤት ሂያጁም፣ ምኑንም የማያምነውም እኩል ይፈራዋል። ለዚህ ነው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በመሃላቸው ደም መሬት ነክቶ እንደሆነ የጠየቁት። ይፍሩ አልነካም አለ። ዳልጮም አልነካም አለ። ሽማግሌው አንድ ቅል ቦርዴ ሰጧቸው፤ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ጠጡ። እኔ ከሴቶቹ ጋር እንሰት አቀርብ ስለነበር ከፊት ለፊታቸው አየኋቸው። በቃ አለቀ ብዬ ልቤ አረፈ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሳይሞላ ፖሊስ መጣ። ይፍሩን እማሳው ውስጥ ያዙት። ዳልጮ የፊት ጥርሱ ወልቆ፣ ድዱ ገና ደም እያዘለ፣ ከጤና ጣቢያ ማስረጃ ይዞ ቀርቧል አሉ። ክሱ ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ ነው። እስከ አሥር ዓመት ያስፈርዳል አሉኝ።

እኔ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፣ የሚያርስ ወንድም የለኝም። ባሏ የታሰረ ሴት ከቦዩ ላይ እንዴት እንደምትገፋ አውቃለሁ። ተራዋን ያሳልፉባታል፣ በሌሊት ይቆርጡባታል፣ ስትናገር ነገረኛ ይሏታል፣ ሙዙ ሲደርቅ ማሳውን በእኩል ያዙና አርሱልኝ ብላ ትለምናለች። ይፍሩ ከታሰረ ቤቴ አበቃለት። ስለዚህ ባሌን ማስፈታት ነበረብኝ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አርባ ምንጭ ፍርድ ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር የሚቀመጡ ባለጉዳዮች አሉ፤ ከዳኛ በላይ ሕግ ያወራሉ። ጥርስ አካል ነው አይደለም ብለው ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ይውላሉ። አንዱ ጥርስ ይወልቃል ይበቅላል፣ እንደ ጥፍር ነው ይላል። ሌላው የአንተ በቅሎልሃል ወይ ብሎ ድዱን ያሳያል። ከነሱ መሃል ነው ነገሩ የገባኝ። ሕጉ ምት ሁሉ አንድ ነው አይልም። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል፣ ዋና የሚባል አካልን የሚያጎድል ወይም መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ከሆነ ከባድ ነው። ከዚያ ያነሰ ጉዳት ቀላል ይባላል። ሰንበር፣ እብጠት፣ ቶሎ የሚያልፍ ሕመም ከሆነ ግን ከነጭራሹ ጉዳት አይባልም፤ እጅ እልፊት ነው፣ ታርቆ መግባት ይቻላል። ስለዚህ የባሌ ዕድሜ ያለው በዳልጮ ጥርስ ላይ ነው። ጥርሱን ያወለቀው ይፍሩ ካልሆነ ይፍሩ እቤቱ ነው።

ጥርሱ ደግሞ ለቅሶው ቀን ቦታው ነበር። አፉን ከፍቶ ሲጠጣ አይቼዋለሁ። ባላየውም እንኳ ደም ፈሶ ቢሆን ቢሞት ከባሌ ጋር ከአንድ ቅል አይጠጣም ነበር። ታዲያ ያ ጥርስ መቼ ወለቀ? ማን አወለቀው? ሌሊት አልተኛም፤ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ማሳችንን ሊያስለቅቁን ነው አልኩ። አቤቱታ ጸሐፊ መክሯቸው ነው አልኩ። ከሁሉም በላይ የዳልጮን ሚስት ባዩሽን ጠረጠርኩ። ይፍሩ ከታሰረ ጀምሮ ወንዝ ስንገናኝ እንስራዋን ሳትሞላ ትመለሳለች።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ቤቷ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ መግቢያውን በገላዋ ዘጋችብኝ። ከትከሻዋ በላይ አሻግሬ ሳይ ዳልጮ ሰሌን ላይ ተጋድሟል። ሰው ሁሉ ማሳው ውስጥ ባለበት ሰዓት! ግራ ጎኑን በእጁ ይዞ እግሩን አጣጥፏል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል። ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረና ተወው። አይ ጉድ፣ አልኩ በልቤ፣ ጥርሱ የወለቀ ሰው ጎኑን ይዞ ይተኛል እንዴ? እኔ እንዳይ ብሎ ነው የሚያቃስተው ብዬ አንጀቴ አረረ። ያን ጥርስ ለቅሶ ላይ አይቼዋለሁ፣ እግዜርም አይቶታል አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንባዋንም ጠረጠርኩት።

በማግስቱ ኦቾሎ ወጣሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሽቅብ ነው፣ ሐይቁ ከኋላ እየሰፋ ይሄዳል፣ ጉልበት ግን እየጠበበ። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ጥለት ይሠሩ ነበር። ወርደው ፍርድ ቤት እንዲመሰክሩልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። በሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ለዳኛ አይወጣም፤ ከወጣ ነገ ማን እውነቱን ይነግረናል አሉኝ። ልክ ናቸው። እኔ ግን የመጣሁት ልክ የሆነ ነገር ልሰማ አልነበረም። ልጆቼን ቆጠርኩላቸው፣ አለቀስኩ፣ ቀጥሎም ተቆጣሁ። ዳልጮ በእሳቸው እጅ የተሰጠውን ቅል አዋርዶ ለዳኛ ዋሽቷል፣ ይህን ዝም ካሉ ነገ ቅሉን የሚፈራው የለም አልኳቸው። እሱ ነካቸው። መወርወሪያውን አስቀመጡ።

«ባልሽ የት ነው የመታው?» አሉኝ።

በጥፊ አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝ። እሳቸውም እንደኔ ተጠራጣሪ ናቸው ማለት ነው፣ አልኩ በሆዴ። ቢሆንም እወርዳለሁ አሉ።

የችሎቱ ቀን ክፍሉ በላንቴ ሰው ሞላ። ዳኛው ናትናኤል የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የተመደበ ልጅ እግር ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ የሰማውን ሁሉ ራሱ ይጽፋል። ዐቃቤ ሕጉ የፊት ጥርስ የመልክ አካል ነው፣ የጎደለበት ሰው ዕድሜ ልኩን አፉን ሸፍኖ ነው የሚስቀው፣ ስለዚህ ከባድ ጉዳት ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛው በዚህ ነገር ዳኞች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልፈረዱ ተናገረ። አንዱ አንድ ጥርስ ቢጎድል ማኘክ አያቆምም ብሎ ቀላል ያደርገዋል፣ ሌላው መልክን አይቶ ከባድ ይለዋል። መጀመሪያ ግን ጥርሱ በዚያ ምት መውለቁ ይረጋገጥ አለ።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ቆሙ። በጋሞኛ ተናገሩ፣ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ መለሰ። ለቅሶው ላይ የጠየቁትን፣ ሁለቱ የመለሱትን፣ የጠጡትን ሁሉ ተናገሩ። ዳኛው ደም ፈሶ ቢሆንስ አይጠጡም ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅ ክፍሉ ውስጥ ያለው የኛ አገር ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ዞር ብለው ዳልጮን በስሙ ጠሩት። በዚያች ቀን ጥርስህ አፍህ ውስጥ ነበረ ወይ አሉት። ዳልጮ መሬት መሬት አየ። ለዳኛ መዋሸት ይቻላል፤ ቅል ለሰጠህ ሰው ግን አይቻልም። ነበረ አለ። ክፍሉ አጉረመረመ። ዳኛው ውሳኔውን ሊጽፍ ለጥቂት ጊዜ ችሎቱን አቋረጠ።

ኮሪደሩ ላይ ደስታዬን መደበቂያ አጣሁ። ይፍሩን ፖሊሱ ግድግዳ አስደግፎት ቆሟል፤ ቀረብ ብዬ ነጠላዬን የማስተካክል መሰልኩ። ይፍሩ ይስቅ ነበር። ከታሰረ ጀምሮ ሲስቅ አላየሁትም። ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ ተናገረ።

«የእግዜር ነገር አይገርምሽም? ጥርሱንማ ጫፉንም አልነካሁት። ጭቃው ውስጥ ጥዬ በጉልበቴ ግራ ጎኑን ነው ደጋግሜ የወገርኩት። እሱን ግን ማንም አልጠየቀም።»

አሁንም እየሳቀ ነው። እኔ ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። ጥፊ ብቻ ብሎኝ ነበር። እኔም በሱ አፍ ኦቾሎ ድረስ ወጥቼ ጥፊ ብዬ ተናግሬአለሁ። ልጠይቀው ስል ግቡ ተባልን።

ዳኛው ማንበብ ጀመረ። ጥርሱ በተከሳሹ ምት ለመውለቁ ማስረጃ የለም። የሚቀረው ተከሳሹ ያመነው ጥፊ ያመጣው የፊት እብጠት ነው፣ እብጠት ደግሞ በሕጉ ጉዳት አይባልም። ስለዚህ ነገሩ እጅ እልፊት ነው። ከዚያ የግል ተበዳዩ የሚለው ካለ ብሎ ዳልጮን አስነሳው።

ዳልጮ የወንበሩን ጠርዝ ይዞ ተነሳ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ቀኝ እጁን አሻግሮ አንዴ ግራ ጎኑን፣ አንዴ ግራ ትከሻውን ይይዛል። የሚለው ነገር እንደሌለ ለመናገር እንኳ ሁለቴ መተንፈስ ነበረበት። ቤቱ ያየሁት ሰሌን ዓይኔ ላይ መጣ። ቆላ የተወለደ ሰው ወባ ሲመላለስበት ጣፊያው ያብጣል፤ ላንቴ ውስጥ እናቶች ልጆቻቸውን ጎን ላይ እንዳይመታቱ የሚቆጡት ለዚህ ነው። የአክስቴን ልጅ ጥጃ ነው ጎኑን በግንባሩ የገፋው። አንዲት ጠብታ ደም አልወጣውም። ውሎ አደረ፣ ደህና ነው አልን፣ እየነጣ እየነጣ ሄዶ አንድ ቀን ውሃ ሲጠጣ ወደቀ። እንደዚሁ ትከሻዬን ይል ነበር።

ዝም ብል ባሌ ማታ እቤቱ ነው። ልጆቼ አባት አላቸው፣ ማሳዬ ውሃ አለው። ማንም አልጠየቀኝም፤ ምስክርም አይደለሁም። ደግሞስ ብሳሳት? ይህ ሰውዬ አንዴ ዋሽቷል፣ ሁለተኛ ቢዋሽስ? ሕይወቴን ሙሉ ጠርጥሬ ሰው አዳንኩ አልልም፤ ቤቴን ነው ያዳንኩት። ግን ላቡን አየሁት። ላብ በትዕዛዝ አይመጣም። እግሬ ነው ቀድሞኝ የተነሳው።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ሰው እየሞተ ነው። ጎኑ ይታይለት።»

ፖሊሱ ቁጭ በይ አለኝ። ዳኛው በእጁ ከለከለውና ብዕሩን አስቀመጠ። ጎኑን መመታቱን ማንም እንዳልተናገረ፣ ሐኪምም እንዳልጻፈ አስታወሰኝ። ከዚያ በቀስታ፣

«እርስዎ በምን አወቁ?» አለኝ።

ይፍሩ ወደ እኔ ዞረ። ሳቁ አሁንም ሙሉ በሙሉ ከፊቱ አልጠፋም ነበር፤ የማደርገውን አላመነም። በሐሜት ሰማሁ ማለት እችል ነበር። ሐሜት ከሆነ ግን ዳልጮን ማን ይዞ ይሮጣል? ባለቤትየዋ ደነገጠች ብለው ውሳኔውን ያነቡታል።

«ባሌ ነው የነገረኝ» አልኩ። «አሁን፣ ኮሪደር ላይ። ጭቃ ውስጥ ጥሎ በጉልበቱ ግራ ጎኑን እንደወገረው ነገረኝ።»

ከኋላ ባዩሽ ስትጮህ ሰማሁ፤ ጩኸትም አይደለም፣ የታፈነ ነገር ሲወጣ ነው። ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች። መጀመሪያ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው እንደነበር፣ ጎኑን እንዳሳዩ፣ ጎኑ ላይ የተጫረ ነገር እንኳ ስላልነበር በሽማግሌ ጨርሱ ተብለው እንደተመለሱ ተናገረች።

«ደም የታለ አሉን» አለች። «ሽማግሌውም ደም አሉ፣ ፖሊሱም ደም አለ። እሱ ሌሊቱን ሙሉ ያቃስታል። የሚነቃነቅ ጥርስ ነበረው፤ እኔ ነኝ በገመድ ስቤ ያወለቅኩት። ደም ካላየ የሚሰማን ስላጣን ነው።»

ጤና ጣቢያም ሲሄዱ አፉን ብቻ ነበር ያሳዩት፤ ጎኑንማ ማን ያምነናል ብለው ትተውት ነበር። ዳልጮ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆሞ ነበር፣ ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈ። የፍርድ ቤቱን መኪና አስነስተው ሆስፒታል ወሰዱት። ያን ዕለት ከሰዓት ሆዱን ከፈቱት። ሆዱ ደም ሞልቶ ነበር፣ ጣፊያው ተሰንጥቋል፣ ትንሽ ቢዘገይ አይተርፍም ነበር አሉ። ጣፊያውን አውጥተው ጣሉት፤ ዳልጮ ተረፈ።

ክሱ ተለውጦ እንደገና ታየ። የይፍሩ ወንድሞች ጠበቃ አቆሙ፤ ጠበቃው ቆዳው ሳይበጣ፣ ደም ሳይወጣ ምን ቁስል አለ ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ሕጉ ቆዳ ተከፍቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም፣ የሰውዬው ሕይወት ምን ደረሰበት ብሎ ነው የሚጠይቀው አለ። ከባድ የአካል ጉዳት ነው ብሎ አራት ዓመት ፈረደበት። ባዩሽና ዳልጮም ለዋሹት ተገሠጹ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ኦቾሎ ላይ ሁለት ቀን ተከራከሩ፤ ሰው ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም መሬት ነክቷል አልነካም ነው ነገሩ። ከዳኛው የባሰ አስቸገሩ። በመጨረሻ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በጉ ይታረድ አሉ፣ ታረደ።

ይፍሩ ወራት ሙሉ ሊያየኝ አልፈለገም። ምግብ እልካለሁ፣ ሳህኑ ባዶ ይመለሳል፣ ቃል ግን የለም። የባሌ ዘመዶች ሰላም አይሉኝም። ገበያ ላይ ባሏን የሸጠች ይሉኛል፤ እየሰማሁ ሙዜን እመዝናለሁ። ውሃ ሁለት ጊዜ ተቆርጦብኛል፣ ማን እንደቆረጠው አውቃለሁ፣ ዳልጮ ግን አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ነው ይፍሩ ትግባ ብሎ ያስጠራኝ። ፎሴሴ፣ የበቆሎ ድቡልቡል፣ በሽፈራው ቅጠል ሠርቼ ይዤለት ገባሁ። ከስቷል። እሱ በላ፣ እኔ አየሁት።

«ለኔ ስትዪ ዝም ማለት አቃተሽ?» አለኝ።

ብዙ ቀን ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳዘጋጅ ነበር። ስለ ልጆቹ፣ ስለ እግዜር፣ ቢሞት ኖሮ በነፍስ ግድያ እንደሚጠየቅ ልነግረው ነበር። ሁሉንም ተውኩት።

«ላንተ ብዬማ ኦቾሎ ድረስ ወጥቻለሁ» አልኩት። «ስትስቅ ጊዜ ነው ያቃተኝ።»

አንገቱን ደፋ። የቀረውን ፎሴሴ ሳይነካ ሳህኑን ገፋ አደረገው። ጠባቂው ሰዓት ሞልቷል አለ፤ ሳህኑን ተቀብዬ ወጣሁ።